ባቡሩ ይለፍ

ታላቅ ወንድሜ ስልክ አያነሳም። ኮርቶብኝ አይደለም። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ይጮኻል፤ እሱ አጠገቡ ቁጭ ብሎ ፓፓያ ይልጣል። ሰው ከጓዳ ሮጦ መጥቶ «ኧረ ስልክህ!» ብሎ እጁ ላይ ሲያስቀምጥለት ነው የሚነቃው። ከዚያ ጆሮው ላይ ይለጥፈውና ሁልጊዜ አንድ ነገር ይላል፦ «ድምፅህን እሰማለሁ፤ ቃልህን ግን አልሰማም።»

እኔ 19 ዓመት ሙሉ ሥነ ጽሑፍ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። እንዲህ ያለ ነገር ስሰማ ወርቁን ፍለጋ መቆፈር ልማዴ ነው። ቆፈርኩም። ኋላ አንድ የጆሮ ሐኪም ሳነጋግር ግን «ምንም ቅኔ የለውም፤ ቃል በቃል ነው» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ብረት ሲቀጠቀጥ የኖረ ጆሮ መጀመሪያ የሚያጣው ቀጫጭኑን ድምፅ ነው፤ በተለይ በ4,000 ኸርትዝ አካባቢ ያለውን። ወፍራሙ ድምፅ ብዙ ጊዜ ይቆያል። በንግግራችን ውስጥ ደግሞ ሰ፣ ሸ፣ ፈ፣ ተ የምንላቸው ተነባቢዎች የሚኖሩት ላይኛው ሰፈር ነው። አናባቢዎቹ ታች ናቸው። ስለዚህ ወንድሜ ስናገር የሚሰማው «አ... ኡ... ኢ...» ነው። ፊደላችንን አስቡት፤ አካሉ ተነባቢው ነው፣ አናባቢው ከጎኑ የምትቀጠል እግር ወይም ቀለበት ናት። ወንድሜ እግሮቹንና ቀለበቶቹን ይሰማል፤ አካሉ የለም።

ጆሮውን የት ጣለው ብትሉ፣ መልሱ ለእኔ የሚመች አይደለም። አባታችን በ1966 ዓ.ም. ሲሞት እኔ 6 ዓመቴ ነበር፤ ወንድሜ 23። ከእኔና ከእናታችን ጋር ብቻውን ቀረ። ድሬዳዋ ውስጥ ባትላሜራ ሆኖ ተቀጠረ፤ በኋላም የራሱን ጥግ ከፈተ። የተጋጨ መኪና እያቃና፣ ቆርቆሮ እየቀጠቀጠ፣ ከ30 ዓመት በላይ ኖረ። በዚያ ጊዜ ጆሮ መሸፈን የሚባል ነገር ማን አስቦት? ከዚያች መዶሻ ስር በወጣ ብር ደብተር ተገዛልኝ፣ ጫማ ተገዛልኝ፣ አዲስ አበባ ሄጄ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ። የኔ ዲግሪ በሱ ጆሮ የተገዛ ነው። ይህን ያወቅሁት ሁለተኛውን ዲግሪ ግድግዳ ላይ ከሰቀልኩ በኋላ መሆኑ ነው የሚያሳፍረኝ።

የመስሚያ መሣሪያ አልገዛህለትም ወይ የምትሉኝ ትኖራላችሁ። ገዛሁለት። ሁለት ሳምንት አደረገው። «የሰሐኑን መንኳኳት አመጣልኝ፣ የዶሮውን ጩኸት አመጣልኝ፣ ያንተን ወሬ ግን አላመጣልኝም» ብሎ መሳቢያ ውስጥ ከተተው። እስከዛሬም እዚያው ነው።

ታዲያ ይህ የማይሰማ ሰው አንድ ሌሊት ከሰፈሩ ሰው ሁሉ ቀድሞ ሰምቷል። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም.፣ ለእሑድ አጥቢያ፣ ደቻቱ ከ200 በላይ ሰው የበላበት ሌሊት ነው። ቤቱ ከወንዙ ብዙም አይርቅም ነበር። ሰው ተኝቷል። ወንድሜ እንደነገረኝ፣ አልጋው ስር አንድ ነገር ሲያጉረመርም ተሰማው፤ በጆሮው ሳይሆን በጀርባው። ተነስቶ ባዶ እግሩን ወለሉ ላይ ቆመ። ወለሉ ይንቀጠቀጣል። ባለቤቱንና ልጁን ቀስቅሶ እየጎተተ ወደ ከፍታው ወጣ። ጩኸቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ከተራራ ድንጋይና ግንድ እያንከባለለ የሚወርድ ውሃ ቀድሞ የሚልከው ወፍራሙን ድምፅ ነው፤ ወፍራም ድምፅ ደግሞ ግድግዳም መሬትም አይመልሰውም።

ከዚያ ወዲህ ድሬ ላይ እንቅልፍ እምቢ አለው። ባለቤቱ ስታርፍበት፣ ልጁ ከባሏ ጋር ወደምትኖርበት ወደ ጀልዴሳ ሄደ። ከደቻቱ ሸሽቶ ሌላ ደረቅ ወንዝ አፍ ላይ መስፈሩን ሳነሳበት ይስቃል። «የዚህኛውን ጠባይ ገና አላወቅሁትም፤ የማላውቀውን አልፈራም» ይላል።

ጀልዴሳን የማታውቁ ካላችሁ፣ በድሬዳዋ አስተዳደር ገጠር ውስጥ ያለች ሞቃት ስፍራ ናት፤ ኦሮሞና ሶማሌ አብረው የሚኖሩባት። ዛሬ ስሟ የሚነሳው በአትክልቷና በፍየሏ ነው። ድሬዳዋ ከመወለዷ በፊት ግን ትልቋ እሷ ነበረች። ከዘይላ የሚመጣው የግመል ቅፍለት እዚህ ይራገፋል፤ ጭነቱ በበቅሎና በአህያ ተጭኖ ተራራውን ወደ ሐረር ይወጣል። ቀረጥ የሚከፈለውም እዚሁ ነበር። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ እግሩ አብጦ በሚያዝያ 1891 እ.ኤ.አ. 16 ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመውት ከሐረር ወደ ዘይላ ሲወርድ በዚህች መንደር አልፏል። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ማርሴይ ሞተ። በ1902 እ.ኤ.አ. ባቡሩ ድሬዳዋ ሲደርስ ቅፍለቱ ቀረ፤ ጀልዴሳም ዝም አለች። ባቡር እዚህ ሰፈር ብዙ ነገር ዝም አሰኝቷል። ይህን አስታውሱልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ኃጢአቴ ልምጣ።

አባታችን በገና ይደረድር ነበር። ሥራው ሌላ ነው፤ በገናው ለጾም ነው። በ1964 ዓ.ም. አንድ ወዳጁ ባለ ጥቅልል ቴፕ ይዞ ቤታችን መጥቶ ቀዳው። በኋላ ያ ቅጂ ወደ ካሴት ተገለበጠ። የአባታችን ድምፅ በዚህ ዓለም ላይ ያለው በዚያች አንዲት ካሴት ላይ ብቻ ነው። በ1986 ዓ.ም. መምህር ሆኜ ስቀጠር «ለአንድ ሴሚስተር አውሰኝ፣ ለተማሪዎቼ ላሰማቸው» አልኩት። ሰጠኝ። ሴሚስተሩ ከ30 ዓመት በላይ ፈጀ።

ሁለት ጊዜ በደብዳቤ ጠይቆኛል። ሁለቱንም ጊዜ «ስመጣ ይዤልህ እመጣለሁ» ብዬ ጻፍኩ። መጣሁ፤ ረሳሁ። እውነቱን ለመናገር አልረሳሁም። ካሴቷ የኔ ሆና ነበር። በየዓመቱ ለአዲስ ተማሪዎች አሰማታለሁ። በተለይ አንድ ቦታ አለች፦ አባቴ ድርደራውን በመሃል ያቆማል፤ ግማሽ ደቂቃ ያህል ጸጥ ይላል፤ ከዚያ ካቆመበት ይቀጥላል። እኔ እዚያች ላይ ቴፑን ጠቅ አድርጌ አቆምና ስለዚህች ጸጥታ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ እናገር ነበር። «ይህ ባዶ አይደለም! የበገና ደርዳሪው ሐሳቡን ከሞት ጋር ያፋጠጠበት ማረፊያ ነው፤ ከቃል በላይ የሆነውን በዝምታ የተናገረበት ነው» እላለሁ። ተማሪ ይጽፋል። ፈተና ላይም አመጣት ነበር።

በ2017 ዓ.ም. የካቲት ላይ፣ ሁዳዴና ረመዳን በአንድ ሳምንት በገቡበት ሰሞን፣ ካሴቷንም ወደ ፍላሽ የተገለበጠውንም ይዤ ጀልዴሳ ወረድኩ። ወንድሜ 74 ዓመቱ ነው። ከዚህ በላይ ማዘግየት ሌብነት ነው አልኩ። ካሴቷን ሲቀበለኝ ምንም አልወቀሰኝም፤ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገና ትንሿ ቴፕ ውስጥ ጨመራት። ጆሮውን አስጠግቶ ቆየ። ከዚያ ቀና ብሎ «ይሄ አባባ አይደለም» አለ።

«እንዴት አይደለም? ራሱ ነው'ኮ!»

«አባባ እዚህ ነበር የሚመታው» አለና በጡጫው ደረቱን መታ። «ይሄ ትንኝ ነው።»

የልጁ ልጅ፣ የ19 ዓመት ጎረምሳ፣ በራፉ ላይ ተደግፎ ይሰማል። ድሬ ውስጥ ታይዋን በሚባለው ገበያ ከአንድ የኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ ዘንድ ይሠራል፤ ለሠርግ ድምፅ ይገጥማል። በድሬ ልጅ ወግ ትልቅም ትንሽም «አንተ» ነው፤ አንቱታ የለም። «አቦ አጎቴ፣ ልክ ነው'ኮ የሚልህ» አለኝ። «የዚች ቴፕ ስፒከር የሻይ ሰሐን ታክላለች። ከ150 ኸርትዝ በታች እምብዛም አታወጣም። በገናው ያለው ታች ነው።»

እኔም የማውቀውን አነሳሁ። በገና 10 አውታር አለው፤ አውታሩ ከበግ አንጀት የሚሠራ ወፍራም ጅማት ነው። እያንዳንዱ አውታር ብርኩማው ላይ ሲያርፍ በመሃል ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ይገባለታል፤ እንዚራ ይሉታል። ያ ቁራጭ ነው በገናን የሚያንዘዘው። ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት በገና ያስተማሩት ዓለሙ አጋ ሲደረድሩ የሰማ ሰው የማንዘዙን ነገር አይረሳም። ልጁ አቋረጠኝ፦ «እሱ ማንዘዙ ነው አንተን የሸወደህ። ዝዝታው ላይኛው ድምፅ ነው፤ ትንሿም ስፒከር ታወጣዋለች። ጭንቅላትህ ላይኛውን ሰምቶ የታችኛውን ከራሱ ይሞላዋል። ያልተጫወተ ባስ የሰማህ ይመስልሃል። አባባ ግን ላይኛውን ጆሮው ወስዶበታል፣ ታችኛውን ቴፑ ወስዶበታል። ምን ቀረው?»

ሁለት ዲግሪ ይዤ ዝም አልኩ።

«ሣጥን እንሥራለት» አለ ልጁ። «ታችኛውን ብቻ የሚያወጣ።»

በማግስቱ ድሬ ወጣን። ከታይዋን ባለ 12 ኢንች የመኪና ባስና አሮጌ የመኪና አምፕሊፋየር ገዛን፤ ሁለቱም ያገለገሉ። አምፕሊፋየሩ በ12 ቮልት ባትሪ ስለሚሠራ መብራት ቢሄድም አንጨነቅም። ከእንጨት ቤት 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ኮምፔርሳቶ አስቆረጥን። ኮላ፣ ብሎን፣ ሲልኮንና አንድ ክንድ የማያህል ባለ 10 ሳንቲም የፕላስቲክ ቱቦ ጨመርን። ለቱቦው ምን ሊያደርግ ነው ብዬ ብጠይቅ፣ ልጁ ባዶ ጠርሙስ አነሳና አፉ ላይ እፍ አለበት። ቡ... አለ። «ጠርሙሱ ሆዱ ትልቅ ሲሆን፣ አንገቱም ረዘም ሲል ድምፁ ይወፍራል። ሣጥኑ ሆዱ ነው፤ ቱቦው አንገቱ።»

ሣጥን ለምን ያስፈልጋል የሚለውንም እዚያው ተማርኩ። ስፒከር ወደ ፊት አየር ሲገፋ በጀርባው ያንኑ ያህል ይስባል። ሣጥን ከሌለው የፊቱና የኋላው አየር ዞሮ ይገናኝና እርስ በርሱ ይጠፋፋል፤ የሚጠፋው ደግሞ ወፍራሙ ድምፅ ነው። ታች በወረድክ ቁጥርም ሥራው ይከብዳል። ድምፁን በአንድ ኦክታቭ ዝቅ አድርገህ ያንኑ ያህል ኃይል ይኑረው ካልክ፣ የስፒከሩ ብራና 4 እጥፍ ርቀት መመላለስ አለበት። ለቀጭን ድምፅ ትንሽ መንቀጥቀጥ ይበቃል፤ ለወፍራም ድምፅ ግን ብዙ አየር መግፋት ግድ ነው። ነጋሪት ትልቅ የሆነው ለጌጥ አይደለም ማለት ነው።

የሣጥኑ ሆድ 80 ሊትር እንዲሆን ልጁ ወሰነ። 80 ሊትር ስንት ነው? 4 ቢጫ ጀሪካን። በየቀኑ ውሃ የሚቀዳ ሰው የማይገባው ሒሳብ የለውም። ወንድሜ እስከዚያ ድረስ ጥላ ስር ተቀምጦ እያየን ነበር። እኔ መጋዝ ስይዝ ግን አልቻለም፤ ተነሳና ከእጄ ነጠቀኝ። «ብዕር ያዝ አንተ» አለኝ። የባትላሜራ እጅ አይረሳም። ጠርዙን በመዳፉ እየዳሰሰ ክፍተት ፈለገ፤ የትኛዋ መጋጠሚያ አየር እንደምታስወጣ ሻማ አብርቶ አሳየን። ሣጥኑ በሁለተኛው ቀን ቆመ። ስለ መልኩ ባላወራ ይሻላል፤ የዶሮ ቤት ይመስላል።

የመጀመሪያው ሙከራ ግን ውርደት ነበር። ልጁ ቱቦውን 7 ሳንቲም አድርጎ ነበር የቆረጠው። ካሴቷን ስንከፍት ሣጥኑ አንዲት ድምፅ ብቻ ያውቃል፦ ቡም፣ ቡም። የትኛውም አውታር ቢመታ መልሱ አንድ ነው። ብዙ ስብሰባ ላይ የምናውቀው ዓይነት ሰው ነው፤ ምንም ብትጠይቁት የሚመልሰው ያንኑ የለመደውን። መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። 10 ደቂቃ ሳይሞላ ጎረቤታችን መጡ። የማፍጠሪያው ሰዓት አልፎ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ተቀምጧል። «ብርጭቆዬ ከመደርደሪያው ሊወርድ ነው፤ ምን እየፈጫችሁ ነው?» አሉ። በእጃቸው ሰሐን ይዘዋል። ጾም ላይ መሆናችንን ስለሚያውቁ ለይተው የጠበሱት የምስር ሳንቡሳ ነው። ወቀሳውንና ሳንቡሳውን በአንድ እጅ ነው ያመጡት።

አፈርን። እኔ በዚህ ዓምድ ላይ ስለ ከተማ ጩኸት ስንት ጊዜ ጽፌአለሁ! ድምፅ ማጉያን «ሞንታርቦ» እንላለን፤ የአንድ የጣሊያን ፋብሪካ ስም ነው፣ እኛ የዕቃው ስም አደረግነው። ዛሬ በየከተማው ልብስ ሻጩም፣ ሎተሪ አዟሪውም፣ ሰባኪውም፣ ጭፈራ ቤቱም የየራሱን ሞንታርቦ ወደ ጎረቤቱ አዙሯል። የማን ነገር እውነት ነው የሚለው ቀርቶ የማን ሣጥን ትልቅ ነው ሆኗል። ይህን ሁሉ የጻፍኩ ሰው በጾም ሰዓት የሰው ብርጭቆ አራገፍኩ። የ40 ኸርትዝ ድምፅ አንዱ ሞገድ ርዝመቱ 8 ሜትር ተኩል ያህል ነው፤ የኛ ክፍል 4 ሜትር አይሞላም። የኛን ድምፅ የኛ ቤት አይችለውም፤ ግማሹ ጎረቤት ነው የሚያድረው።

መፍትሔውን ያመጣው ወንድሜ ነው። ጀርባውን ሣጥኑ ላይ አስደግፎ መሬት ላይ ተቀመጠና «ቀንስ» በሚል እጁን ወደ ታች አደረገ። ልጁ ቀነሰ። «ቀንስ።» ቀነሰ። ለእኛ የማይሰማ እስኪሆን ድረስ ቀነሰ። ወንድሜ ራሱን ነቀነቀ፤ ይበቃዋል። ደንቆሮዋ ስኮትላንዳዊት ከበሮ መቺ ኤቭሊን ግሌኒ ባዶ እግሯን መድረክ ላይ እየቆመች በሰውነቷ እንደምታዳምጥ አንብቤ ነበር። ወንድሜ ስሟንም አልሰማም፤ እሱ የተማረው ከደቻቱ ነው። እናም ጩኸቱ ያስፈለገው ለኛ ኖሯል። ለሱ የሚያስፈልገው መጠጋት ብቻ ነበር።

በማግስቱ ልጁ ቱቦውን በ25 ሳንቲም ተካው። የሣጥኑ ማስተጋቢያ ከ45 ወደ 30 ኸርትዝ ገደማ ወረደ፤ ያቺ አንዲት ቡም ጠፋች። ማታ፣ ጎረቤታችን ካፈጠሩና ተራዊሕ ሄደው ከተመለሱ በኋላ፣ ፈቃዳቸውን ጠይቀን ከፈትን። እኔም እንደ ወንድሜ ጀርባዬን አስደገፍኩ። ሁለት ሽማግሌዎች የዶሮ ቤት ተደግፈን ተቀመጥን።

መጣ። ገና ድርደራው ሳይጀመር፣ ከካሴቷ መጀመሪያ፣ አንድ ወፍራም፣ የማይቋረጥ፣ ሞቅ ያለ ነገር ወገቤ ውስጥ ገባ። ዕንባዬ መጣ። አባቴን የማውቀው በፎቶ ነው፤ ፊቱን እንጂ ድምፁን አላስታውስም። ይኸው፣ አልኩ፣ ይሄ ነው ደረቱ፣ ይሄ ነው እስትንፋሱ። ለወንድሜ ልነግረው ዞር ስል ልጁ ፊቱን አጨማዶ ቁልፍ ይነካካል።

«ምን ሆንክ?»

«አጎቴ፣ እሱ የመብራት ድምፅ ነው። 50 ኸርትዝ። ያኔ ቴፑን የሰኩበት ሶኬት ነው።»

ይህን ለመጻፍ ሁለት ቀን አመነታሁ። እናላችሁ፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ በዕንባ የተቀበልኩት የኤሌክትሪክ ኃይል ነበር።

ልጁ ከፍላሹ ያለውን ቅጂ በስልኩ ላይ አስገብቶ ያቺን 50 ኸርትዝ ብቻ ቆርጦ አወጣት። እንደገና ከፈተ። አሁን ዝም ያለ ነው። ከዚያ ወፍራሙ አውታር ተመታ። የሰማሁትን ለማጋነን አልፈልግም። አሮጌ ቅጂ ነው፤ የጠፋው ጠፍቷል። ልጁ ገና ስንጀምር «ቴፑ ውስጥ ከሌለ ሣጥኑ ከየት ያመጣል?» ብሎ አስጠንቅቆኝ ነበር። የተረፈውም ግን ነበር። እያንዳንዷ ምት ከታች ተነስታ፣ ቀስ ብላ ወጥታ፣ ከዚያ የማውቀው ዝዝታ እላይዋ ላይ ይቀመጣል። 19 ዓመት ለተማሪ ያሰማሁት ጣሪያውን ብቻ ነበር፤ ቤቱን አልነበረም። ወንድሜ ዓይኑን ጨፍኗል። የቀኝ እጁ ጣቶች ጉልበቱ ላይ ከአባታችን ጣቶች ጋር ይንቀሳቀሳሉ፤ የቱ አውታር ቀጥሎ እንደሚመታ ቀድሞ ያውቃል።

ያቺ ቦታ ደረሰች። አባቴ ድርደራውን አቆመ። የኔ ጸጥታ። እንደ ልማዴ ትንፋሼን ያዝኩ።

ጸጥታ አልነበረም። ከሩቅ አንድ ነገር ማጉረምረም ጀመረ። ቀረበ። ሣጥኑ ጀርባዬን ገፋኝ፤ ድግ ድግ ድግ እያለ አለፈ፤ ራቀ፤ ጠፋ። ልጁን አየሁት፤ እሱም አልገባውም። «ሌላ መብራት ነው?» አልኩት። ወንድሜ ግን ዓይኑን ሳይገልጥ እጁን ከፍ አድርጎ ነበር፤ ዝም በሉ ለማለት።

«ባቡሩ ይለፍ» አለ።

ቤታችን ከሐዲዱ ዳር ነበር። በየማታው ወደ ጅቡቲ የሚወርደው የናፍጣ ባቡር ሲያልፍ ግድግዳው ስለሚንቀጠቀጥ የበገናው አውታሮች ሳይነኳቸው ማንዘዝ ይጀምሩ ነበር አለኝ። አባታችን ያኔ መዳፉን አውታሮቹ ላይ ጋደም ያደርግና «ባቡሩ ይለፍ» ብሎ ይጠብቃል። ካለፈ በኋላ ካቆመበት ይቀጥላል። ያን ማታም ያደረገው ይህንኑ ነው። ከ50 ዓመት በላይ ያ ባቡር ካሴቷ ውስጥ ሲያልፍ ኖሯል፤ የሚሰማ ስፒከር አጥቶ።

እኔ ደግሞ ስለዚያ ባቡር ፈተና አውጥቻለሁ።

ያን ማታ ወንድሜ ካሴቷን ሦስት ጊዜ አስደገማት። በሦስተኛው ላይ፣ ባቡሩ ሲያልፍ፣ ሳያየኝ እጁን ዘርግቶ የኔን እጅ ፈለገና ሣጥኑ ላይ አስቀመጠው፤ እንዳያመልጠኝ። የ6 ዓመት ልጅ ሳለሁም በባቡሩ ሰዓት እጄን ይይዘኝ እንደነበር ነገረኝ፤ እፈራ ነበር አሉ። እኔ አላስታውስም።

ካሴቷ ጀልዴሳ ቀርታለች። ስልክ አሁንም አያነሳም። ልጁ ግን አንድ ዘዴ ፈጥሮለታል፤ ስልኩን ሣጥኑ ላይ ያስቀምጥለታል፤ ሲጠራ ሣጥኑ ይንቀጠቀጣል፣ የተደገፈውም ሰው ይነቃል። ከአዲስ አበባ ደውዬ ሦስት ጊዜ አግኝቼዋለሁ። ቃሌን አይሰማም። ድምፄን ይሰማል። እኔም አሁን ወፈር፣ ቀስ አድርጌ ማውራት ለምጃለሁ።

አንድ ነገር ይቀረኛል። ከ1986 እስከ 2005 ዓ.ም. ከኔ ዘንድ ሥነ ጽሑፍ ተምራችሁ፣ ስለ በገና ደርዳሪው ጸጥታ የጻፋችሁ፣ ምናልባትም ዛሬ መምህራን ሆናችሁ ያንኑ ለሌላ ትውልድ የምታስተምሩ ሁሉ፦ ደብተራችሁ እጃችሁ ላይ ካለ እባካችሁ አርሙት። ማርካችሁን አልቀንስም።

ባቡር ነበር።